የአንቲባዮቲክ መላመድ ሥልጠናውን ጨርሻለሁ፤ ትመዝገቡ ወይስ ይቅርባችሁ?

«ይሄ ሥልጠና ይረባል ወይ?» የሚል ጥያቄ ስለበዛብኝ አንድ ጊዜ ጽፌ ልገላገል። የማወራው ለአፍሪካ ወጣት የጤና ምሩቃን ስለሚሰጠው ሥልጠና ነው፤ ጀርሞች መድኃኒት እየተላመዱ የመጡበትን ችግር የሚመለከተው፣ እኛ ሙያተኞቹ በአጭሩ ኤኤምአር የምንለው። መልሴ አጭር ነው። ላብራቶሪና ዋርድ ያለበትን ካገኛችሁ ዓይናችሁን ሳታሹ ተመዝገቡ። ኦንላይን ብቻ ሆኖ ገንዘብ የሚያስከፍል ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በዚሁ ጉዳይ ላይ በነፃ የሚሰጣቸው ኮርሶች አሉ፣ ቲዎሪውን እዚያ ታገኙታላችሁ።

የአዘጋጆቹን ስም አልጠራም። ወደ ታች የማማርርባቸው ነገሮች አሉ። በሌሎች ድርጅቶች በኩል ተመሳሳይ ሥልጠና የወሰዱ ጓደኞቼም የሚያነሱት ያንኑ ስለሆነ ነገሩ የአንድ ድርጅት ጣጣ ብቻ አይመስለኝም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በኦንላይን ትማራላችሁ። ከዚያ በአካል ተገናኝታችሁ ላብራቶሪና ዋርድ ትገባላችሁ። በመጨረሻ ወደየሆስፒታላችሁ ተመልሳችሁ ትንሽ ፕሮጀክት ትሠራላችሁ። ተሳታፊው ፋርማሲስት፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ነርስና ጠቅላላ ሐኪም ነው፣ ሁሉም ከተመረቀ ብዙ ያልቆየ። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ከማላዊ፣ ከሴኔጋል የመጡ ነበሩ፣ ከእኛም አገር።

ኦንላይኑን ቶሎ ልለፈው። ስላይድ ነው፣ ከዚያ ጥያቄ፣ ከዚያ ሌላ ስላይድ። ኢንተርኔት ሲቆረጥ ከክፍል ትወጣላችሁ፣ ያመለጣችሁን ትምህርት ቀርጸው አያስቀምጡላችሁም፣ ስትጠይቁም «በቅርቡ» ይሏችኋል። በዚህ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለሆነ የሴኔጋሎቹ ልጆች ግማሹ ሲያመልጣቸው እናይ ነበር። ጎበዞች ናቸው እኮ፤ በፈረንሳይኛ ቢሆን እኛን ያስተምሩን ነበር።

ከስላይዱ ሁሉ ግን አንዳንድ ቁጥሮች አልለቀቁኝም። እ.ኤ.አ. በ2019 መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ በቀጥታ የገደሏቸው ሰዎች 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል፤ ከእነሱ ጋር በተያያዘ የሞቱት ደግሞ 4.95 ሚሊዮን። በሕዝብ ብዛት ሲሰላ ከፍተኛው የሞት መጠን የተመዘገበው በምዕራብ አፍሪካ ነው፣ ከ100,000 ሰው 27 ያህል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገርመው። ብዙ ሰው ችግሩን «ሕዝባችን አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ ስለሚውጥ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ይውጣል፣ አልክድም፣ ያለ ማዘዣ የሚሸጥበትን ፋርማሲ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ግን ይሄ ብቻውን ሟቹ ለምን እዚህ እንደበዛ አያስረዳም። ንጹሕ ውኃ የሌለው ዋርድ፣ ሁለት ሕፃን የሚተኛበት አንድ አልጋ፣ ጥራቱ የወረደ መድኃኒት፣ የመጀመሪያው መድኃኒት ሲከሽፍ የሚገዛ ሁለተኛ መድኃኒት መጥፋቱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የታማሚው ጀርም ምን እንደሆነ የሚነግርህ ላብራቶሪ አለመኖሩ አለበት።

ስለ ላብራቶሪ ካነሳን፦ በ14 የአፍሪካ አገሮች በተሠራ ጥናት ከ50,000 ገደማ የሕክምና ላብራቶሪዎች ውስጥ የባክቴሪያ ምርመራ የሚሠሩት 1.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ትልቁ ቅሬታዬ እሱ ላይ ነው የሚመጣው።

አሁን ወደ ጥሩው። የላብራቶሪው ክፍል ለብቻው ሥልጠናውን ያዋጣዋል። ዩኒቨርሲቲ እያለን ካልቸርና ሴንሲቲቪቲ (ጀርሙን ማብቀልና የትኛው መድኃኒት እንደሚይዘው መፈተሽ) ተምረናል፣ ፈተናም አልፈናል፣ ግን ብዙዎቻችን አንዱ ተማሪ ሲሠራ ሌላው ከኋላ ቆሞ እያየ ነው የተመረቅነው። እዚህ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ይሠራል። ባክቴሪያውን በሳላይን በጥብጠህ ከ0.5 ማክፋርላንድ (የድፍርስነት መለኪያ ነው) ጋር ታስተያያለህ፣ ሙለር ሂንተን አጋር በሚባለው ጀርም የሚበቅልበት ጄሊ ላይ ትቀባለህ፣ መድኃኒት ያለበት ትንሽ የወረቀት ዲስክ ታስቀምጣለህ፣ በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ታቆያለህ፣ በማግሥቱ በዲስኩ ዙሪያ ያለውን፣ ጀርሙ ያልበቀለበትን ጥርት ያለ ክብ በሚሊ ሜትር ትለካለህ። ሲነገር ቀላል ነው።

አሠልጣኟ ግን ተንኮለኛ ነበረች፣ በጥሩው ትርጉም። አንዱን ጀርም ለሁሉም ቡድን ሰጠችና ሳትነግረን ለአንዱ ቡድን አጋሩ ሳስቶ የፈሰሰበት ፕሌት፣ ለሌላው ሙቀት ላይ የቆየ ዲስክ፣ ለሦስተኛው ከመጠን በላይ የወፈረ ብጥብጥ አደለችን። በማግሥቱ ውጤት ስናወዳድር ጉድ ፈላ። አጋሩ የሳሳበት ቡድን መድኃኒቱ ጀርሙን በደንብ ይገድለዋል አለ፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ በስስ አጋር ላይ ርቆ ስለሚሰራጭ ክቡ ይሰፋል። ዲስኩ የተበላሸበትና ብጥብጡ የወፈረበት ደግሞ ጀርሙ ተላምዷል አሉ። አንድ ጀርም፣ አንድ መድኃኒት፣ ተቃራኒ ሪፖርት። ከዚያ በየሆስፒታላችን የሚወጣው ወረቀት ላይ ያለውን «አር» (ተላምዷል) እና «ኤስ» (መድኃኒቱ ይሠራበታል) በሌላ ዓይን ነው የማየው። አሁን ውጤት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የጥራት ቁጥጥር ስትሬይኑ (ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቀው መፈተሻ ጀርም) በዚህ ሳምንት ተሠርቷል ወይ?» ብዬ ነው፣ በላብራቶሪ ልጆችም መጠላት ጀምሬያለሁ መሰለኝ።

የናሙና አወሳሰዱም ላይ ጥሩ ሰዓት ሰጥተዋል። ደም ለካልቸር የሚወሰደው አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ነው፣ በአዋቂ ሰው ለአንድ ጠርሙስ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ ቆዳው በደንብ ጸድቶ። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ሚሊ ሊትር ተቀድቶ፣ ያውም ታማሚው ሦስት ቀን ሴፍትሪያክሶን የሚባለውን የመርፌ አንቲባዮቲክ ከወሰደ በኋላ፣ «ምንም አልበቀለም» ይባላል። አይበቅልማ!

ሌላው የወደድኩት ዋናው ነገር ሆኔት የሚባለው ሶፍትዌር ነው። ነፃ ነው፣ ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። የላብራቶሪ መዝገብ ላይ ተጽፎ አቧራ የሚጠጣውን ውጤት አስገብተህ የሆስፒታልህን አንቲባዮግራም ታወጣለህ፤ ማለትም እዚህ ሆስፒታል ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ የትኛው መድኃኒት ስንት በመቶ ይገድለዋል የሚለውን ሠንጠረዥ። ሁለት ሕግ አስጨብጠውናል። ከአንድ ታማሚ የመጀመሪያው ውጤት ብቻ ይቆጠራል፤ ለአንድ ጀርም ቢያንስ 30 ውጤት ከሌለህ ደግሞ በመቶኛ ለመናገር አትቸኩል። በዚህ ሕግ ስመዝነው ከዚህ በፊት በስብሰባ ላይ ያየኋቸው ብዙ የሚያምሩ ግራፎች ወድቀዋል።

ዋርዱ ላይ ትምህርቱ የሚዞረው በዓለም ጤና ድርጅት አዌር በሚባለው ምደባ ዙሪያ ነው። አክሰስ የሚባሉት እንደ አሞክሲሲሊንና ጄንታማይሲን ያሉት መጀመሪያ የሚመረጡ ናቸው። ዋች የሚባሉት በጥንቃቄ የሚያዙ ናቸው። ሪዘርቭ ሌላው ሁሉ ሲከሽፍ ነው፣ ኮሊስቲን እዚያ ነው ያለው። የተባበሩት መንግሥታት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መግለጫ በ2030 ሰዎች ከሚወስዱት አንቲባዮቲክ ቢያንስ 70 በመቶው ከአክሰስ እንዲሆን ግብ ተይዟል። እኛ የምንወደው ሴፍትሪያክሶን የት ያለ ይመስላችኋል? ዋች። እኔ ባየኋቸው ዋርዶች ግን እንደ ግሉኮስ ነው የሚሰቀለው።

እዚህ ላይ የተሠራ አንድ የትወና ልምምድ አለ፣ መጀመሪያ ሳቅንበት፣ በኋላ ግን ከዋርዱ ክፍል ሁሉ ጠቃሚው ሆኖ አገኘሁት። አንዱ አንጋፋ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይሆናል፣ አንተ ትናንት የተመረቅክ ፋርማሲስት ነህ። ቀዶ ሕክምናው በሰላም አልቋል፣ እሳቸው ግን መከላከያ አንቲባዮቲኩ ለሰባት ቀን ይቀጥል ብለው ጽፈዋል። ቀዶ ሕክምናው ካለቀ በኋላ መከላከያውን ማራዘም እንደማይመከር የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በግልጽ ይላል። ታዲያ ለሳቸው ማን ይንገር? አንድ ልጅ መመሪያውን ከነገጹ ጠቅሶ ሊሞግት ሞከረ፣ «አንተ ልጅ፣ ቁስሉ ቢመረቅዝ የምትጠየቀው አንተ ነህ?» ተብሎ ተቀመጠ። ሁለተኛዋ ግን «ዶክተር፣ ይህን ታማሚ ነገ ጠዋት አብረን ብናየውና ትኩሳት ከሌለው ብናቆመው ምን ይመስልዎታል?» አለች። ተቀበሏት። አዋርዶ ማሸነፍና መድኃኒቱን ማስቆም የተለያዩ ነገሮች እንደሆኑ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የገባን። የትኛውም ስላይድ ይህን አያስተምርም።

አሁን ቅሬታ። ያንን 1.3 በመቶ አስታወሳችሁት? የተሰጡን የታማሚ ታሪኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የካልቸር ውጤት በሰዓቱ የሚመጣበት፣ አንዳንዶቹም ጀርሙን በጂኑ የሚለይ ፈጣን የፒሲአር ማሽን ያለበት ሆስፒታል ታሪክ ናቸው። «በ48 ሰዓት ውጤቱን አይታችሁ መድኃኒቱን አጥብቡ» ይላል፤ ብዙ ዓይነት ጀርም ከሚመታው ያንን ጀርም ለይቶ ወደሚመታው ቀይሩ ማለት ነው። እሺ፣ ውጤት የሚባል ነገር ከሌለስ? አብዛኞቻችን የምንመለሰው ካልቸር ወደማይሠራበት ሆስፒታል ነው። ያለ ላብራቶሪ የሚሠሩ ብዙ ነገሮች እኮ አሉ፦ ከመርፌ ወደሚዋጥ ቶሎ መቀየር፣ የሚቆምበትን ቀን ከመጀመሪያው መጻፍ፣ ሁለት ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ መድኃኒቶች አብረው ሲታዘዙ አንዱን ማስቀረት፣ በአንድ ቀን ዋርዱን ዞሮ ስንቱ ታካሚ አንቲባዮቲክ ላይ እንዳለና ለምን እንደሆነ መቁጠር። ይህ ሁሉ የተሸፈነው በአንድ ከሰዓት ነው፣ ያውም አሠልጣኙ አውሮፕላን እንዳያመልጠው እየተጣደፈ። እኔ ብሆን የሥልጠናውን ግማሽ ለዚህ ነበር የምሰጠው።

ሌላው «ዋን ሄልዝ» የሚለው ነገር ነው። በየስላይዱ ሰው፣ እንስሳና አካባቢ በክብ ተሥለዋል። ክፍል ውስጥ ግን አንድም የእንስሳት ሐኪም አልነበረም። ኮሊስቲንን የሚያከሽፈው፣ ከባክቴሪያ ወደ ባክቴሪያ የሚተላለፈው ጂን እ.ኤ.አ. በ2015 ከቻይና ሪፖርት ሲደረግ ከአሳማ እርባታ ጋር ተያይዞ እንደነበር ነግረውናል። ታዲያ ለዶሮውና ለከብቱ መድኃኒት የሚያዘውን ሰው ለምን አትጠሩትም?

ከሁሉም ያናደደኝ ግን ሦስተኛው ክፍል ነው። ወደ ሆስፒታላችሁ ተመልሳችሁ ፕሮጀክት ሥሩ ይሏችኋል፣ ከዚያ ይጠፋሉ። አማካሪ ተብሎ የተመደበልኝ ሰው ለኢሜይል የሚመልሰው ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። ለፕሮጀክቱ የተባለው ገንዘብ ዘግይቶ መጣ። አለቆቼ ደግሞ «ማን ፈቀደልህ፣ ደብዳቤ አምጣ» አሉ፣ ትክክልም ናቸው፣ አዘጋጆቹ ለሆስፒታሉ አስቀድመው ምንም አልጻፉም። ሥልጣን የሌለውን ወጣት ለብቻው አሠልጥኖ መላክ ከባድ ነው። ከአንድ ሆስፒታል ፋርማሲስትና የላብራቶሪ ባለሙያ ጥንድ ሆነው ቢመጡ፣ ለሜዲካል ዳይሬክተሩም ቀድሞ ቢነገረው፣ ያው ገንዘብ እጥፍ ይሠራ ነበር። ከክፍላችን ፕሮጀክቱን በደንብ የጨረሱት እኮ ከአንድ ሆስፒታል ሁለት ሆነው የመጡት ናቸው።

ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣም ጠይቁ። እንዲህ ያሉ ሥልጠናዎች አብዛኞቹ በውጭ ገንዘብ የሚቆሙ ናቸው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2015 በ265 ሚሊዮን ፓውንድ የጀመረችውና በአፍሪካና በእስያ ብዙ ላብራቶሪ ያቋቋመው፣ ብዙ ባለሙያም ያሠለጠነው ፍሌሚንግ ፈንድ እንደሚቋረጥ በ2025 ተነግሯል። ስለዚህ «የሚቀጥለው ዙር» የሚባለው ነገር ላይ ብዙ አትመኩ፤ ክፍት ከሆነ አሁኑኑ አመልክቱ።

ሥራ ያስገኛል ወይ ለሚለው፦ ሰርተፍኬቱ ብቻውን አያስገኝም። ለማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ወይም ለክሊኒካል ፋርማሲ ስታመለክቱ ግን የሠራችሁት አንቲባዮግራም በእጃችሁ ካለ ቃለ መጠይቁ ላይ የምታወሩት ነገር ይኖራችኋል። የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ) ነጥቡ አገር ውስጥ ተቀባይነት እንዳለው ከመመዝገባችሁ በፊት አረጋግጡ፣ የእኛ ላይ ግልጽ አልነበረም። «ሙሉ ወጪ ይሸፈናል» ሲሏችሁም በቅድሚያ ነው ወይስ ደረሰኝ አቅርባችሁ በኋላ የሚመለስ ነው ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ከእኛ መካከል ቲኬት ለመግዛት የተበደረ ሰው ነበር።

ነጥብ ልስጥ ካላችሁኝ፦ ላብራቶሪው 9 ከ10፣ ዋርዱ 7፣ ኦንላይኑ 5፣ ከሥልጠና በኋላ ያለው ክትትል 2፣ እሱም አዝኜላቸው ነው። ስላይዶቹን ላክልን የምትሉኝ አትድከሙ፣ ላናጋራ ፈርመናል፤ ሆኔት ላይ ዳታ ማስገባት ያቃተው ግን በውስጥ ይጻፍልኝ፣ ማታ ማታ አግዛለሁ።