ታማኝነት በክፍል ትምህርት ወይስ በእቁብ?

ታማኝነትን ለልጆች በክፍል ማስተማር የተለመደ ነው። መምህሩ ትርጉሙን ያስረዳል፣ ልጁ ይጽፋል፣ ይፈተናል። ቃሉን ያውቀዋል። ጥሩ ነው፤ ግን ብዙ ጊዜ እዚያው ይቆማል።

እቁብ ግን ሌላ ነው። አስር ጓደኛሞች በየሳምንቱ 50 ብር ይጥላሉ እንበል። ዕጣ የደረሰው 500 ብር ይወስዳል። መጀመሪያ የወጣለት ልጅ እጁ ላይ ካለው ገንዘብ 450 ብሩ የጓደኞቹ ነው። ቀሪዎቹን ዘጠኝ ሳምንታት ሳያጓድል መክፈል አለበት። መጨረሻ የሚደርሰው ደግሞ ሁሉንም አምኖ ይጠብቃል። አንዱ መታመንን፣ ሌላው ማመንን ይማራል። ይህን ከደብተር አያገኙትም።

አደጋም አለው። አንዱ ወስዶ ቢጠፋ ወዳጅነት ይበላሻል። ትልልቆቹ እቁብተኞች ዋስ የሚጠይቁት፣ ዳኛና ጸሐፊ የሚመርጡት ለዚህ ነው። ልጆቹም እንደዚያው ያድርጉ። ዋስ መሆን ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ለጓደኛህ ዋስ ከመሆንህ በፊት ጠባዩን ደህና አድርገህ ታያለህ።

እኔ እቁቡን አስቀድማለሁ። ብሩ ትንሽ ይሁን፤ ከወላጆች አንዱም መዝገቡን አልፎ አልፎ ይመልከት። የክፍሉ ትምህርት ከዚያ በኋላ ቢመጣ፣ ልጁ የራሱን ጥያቄ ይዞ ይቀመጣል።