የሠርግ ካሴት ወደ ፍላሽ ልታስገለብጡ ያሰባችሁ፦ መጨረሻውን ሳታዩ እንዳትከፍሉ!

ዛሬውኑ ካልጻፍኩት ይበርድልኛል። ሲበርድልኝ ደግሞ «ይሁን፣ ምን ይደረግ» ብዬ እተወዋለሁ። እነሱም የሚፈልጉት እሱን ነው። ስለዚህ ከአራት ኪሎ እንደገባሁ፣ ነጠላዬን እንኳን ሳላወልቅ ነው የምጽፈው።

ሱቁን ታውቁታላችሁ። ይሄኛውን ባታውቁት እንኳን ወንድሙን ታውቁታላችሁ። የሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ነው። መስታወቱ ላይ «ከካሴት ወደ ሲዲና ፍላሽ እንገለብጣለን» ይላል። ከሥሩ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ፣ የስልክ ሽፋን። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ስትገቡ ወንበር ይሳባል። «ይቀመጡ እናቴ፣ ምን እንታዘዝ?» ዋጋ ሲነገር «ለእርስዎ ብለን ነው» ይባላል። ደረሰኝ ስትጠይቁ «በደረሰኝ ከሆነ ቫት 15 በመቶ ይጨመራል፣ ምን አስጨነቀዎት?» ይባላል። ቀብድ ትሰጣላችሁ። «ሐሙስ ይምጡ።» ሐሙስ ስትሄዱ መብራት ጠፍቶ ነበር። የሚቀጥለው ሐሙስ ልጁ ለቅሶ ሄዷል። ይሄን ሁላችንም አልፈንበታልና አላደክማችሁም።

ካሴቱ የታላቅ እህቴ ሠርግ ነው። 1987 ዓ.ም.፣ ዶሮ ማነቂያ፣ አባታችን ቤት። ቤቱ አሁን የለም፤ በ2016 የፒያሳ ሰፈር ሲፈርስ አብሮ ፈርሷል። እውነት ለመናገር የሠርጉ ነገር ለእኔ ብዙም አይደለም። (እህቴና ሙሽራው ከተለያዩ ስንት ዘመናቸው። እሱ ለሌላ ቀን ይቆይ።) እኔ የፈለግኩት የካሴቱን መጨረሻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራማኑ ሠርጉን ቀርጾ ሲጨርስ ካሴት ተረፈው። ያኔ ካሴት ውድ ነው። አባቴ ደግሞ የከፈለበት ነገር ባዶውን ሲቀር አይወድም። «የተከፈለበት ነው፣ ይሙላ!» አለና ሰውየውን ሳሎን አስገብቶ ዕቃዎቹን ያስቀርጽ ጀመር። ዕቃዎቹን! እንግዳ ውጭ ቆሞ፣ ሙሽሪት እያለቀሰች፣ እሱ ራዲዮ ያስቀርጻል።

አባቴ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ያለው ፍቅር ልክ አልነበረውም። መጀመሪያ የእንጨት ሳጥን ያለው ፊሊፕስ ራዲዮ ነበር። ሲከፈት ወዲያው አይናገርም፤ እስኪሞቅ ትጠብቁታላችሁ። ዜና ሊያመልጠን ሲል እናቴ «ቀደም ብለህ አትለኩሰውም?» ትለው ነበር፣ እንደ ምድጃ። ቀጥሎ ናሽናል ቴፕ ገባ። መብራት ሲጠፋ በባትሪ ድንጋይ ይሠራል። ድንጋዩ ሲደክም ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ ይሰጣል፤ ማታ ለአንድ ዘፈን ያህል ነፍስ ይዘራል። ካሴት ወደ ኋላ የሚጠነጠነው ደግሞ በቢክ እስክሪብቶ ነው። በቴፑ ያጠነጠነ ልጅ ድንጋይ ጨረሰ ተብሎ ይቆነጠጣል።

ቴሌቪዥን ዘግይቶ ነው የደረሰን። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ቢጀምርም፣ እኛ ለብዙ ጊዜ ጎረቤት ቤት ነበር የምናየው። እግር ታጥቦ፣ ጫማ ደጃፍ ላይ ተደርድሮ፣ ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብሎ አባባ ተስፋዬን መጠበቅ ነው። ከቤቱ ልጅ ጋር የተጣላ ያን ሳምንት ተረት የለውም። ኋላ የራሳችን መጣ፣ ጥቁርና ነጭ። በ1977፣ የአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሰሞን፣ ሥርጭቱ በቀለም ሆነ ሲባል የኛ ቤቱ እዚያው ጥቁርና ነጭ ላይ ቀረ። አባቴ «ቀለሙን በልባችሁ ሙሉት» ይል ነበር።

ሳጥኑ በር ነበረው። በሩ ቁልፍ ነበረው። ቁልፉ አባቴ ኮት ኪስ ውስጥ ነው። ላዩ ላይ እናቴ የሠራችው ዳንቴል፣ ዳንቴሉ ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ ጎኑ ያ የሚያቃስት ስታቢላይዘር። ከሁሉም በላይ ደግሞ አክስቴ ከጅዳ የላከችው ዴክ። ካሴቱ ላይ አባቴ አንድ በአንድ እየነካ በስንት እንደገዛው፣ ማን ሊያታልለው እንደነበር ያስረዳል። ኪሱ ገብቶ ቁልፉን ያወጣል፣ የቴሌቪዥኑን በር ከፍቶ ያሳያል፣ መልሶ ይቆልፋል። «ገመዱን እንዳትረግጠው!» ብሎ ካሜራማኑ ላይ ይጮሃል። ዴክ በነበረን ጊዜ ይሄን ክፍል እየመለስን እያየን ሆዳችንን ይዘን እንስቅ ነበር፣ እሱ ራሱ እየሳቀ።

አባቴ አሁን የለም። ፎቶውስ አለን። ድምፁ የነበረው ግን እዚያ ካሴት ላይ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ዲሽ መጣ፣ ቪሲዲ መጣ፣ ዲቪዲ መጣ፣ ፍላት መጣ። ቴክኖሎጂ በተቀየረ ቁጥር ደግሞ መሃል ላይ የሚቆም ሰው አይጠፋም። ቻናሎቹ ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሳህኗን ትንሽ ገፋ አድርጎ ስንት እንዳስከፈለን እናስታውሳለን። ዴኩ ሲበላሽ እናቴ ለቆራሌው ሸጠችው። ካሴቱ ቀረ፣ የሚያጫውተው ጠፋ። አዲስ ልግዛ ብትሉም አይገኝም፤ በዓለም ላይ የመጨረሻው የቪዲዮ ዴክ አምራች፣ የጃፓኑ ፉናይ፣ በሐምሌ 2008 ማምረት አቁሟል። ስለዚህ አሮጌ ዴክ ያለው ሱቅ እጅ ላይ ትወድቃላችሁ። እነሱም ይሄን አሳምረው ያውቁታል።

ወደ ዛሬው ልመለስ።

ፍላሹ ደርሷል ተባልኩ። ልጁ ላፕቶፑ ላይ ሰካው። ፋይሉ 2 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ይላል። ካሴቱ የሦስት ሰዓት ስለሆነ ደስ አለኝ። ከፈተልኝ። ግቢያችን! እልልታ፣ ሚዜዎቹ፣ አበባ የተለጠፈባት መኪና። ጥራቱም ለዚያ ዕድሜ አይከፋም። ቀይ ሹራብ የለበሰ አንድ የሰፈር ልጅ መኪናው ፊት ሲሮጥ ተደናቅፎ በደረቱ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ። ሳቅኩ። ልጁም ሳቀ። «አየሽ ማዘር? አሪፍ ሆኖ ወጥቷል።» ቀሪውን ብር በሞባይል ባንክ ላክሁ። ስልኩ ላይ መልእክቱ ሲገባለት ፍላሹን ለመንቀል እጁን ሰደደ።

«ቆይ፣ መጨረሻውን አሳየኝ» አልኩት።

«ሙሉ ነው እኮ።»

«የአባቴን ድምፅ ልስማና እሄዳለሁ።»

ልጁ ፎቶ ኮፒ የሚያደርገውን ጓደኛውን አየው። ጓደኛው ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ። ከዚያ ያቺን ከታች ያለች መስመር ይዞ ወደ መጨረሻው ጎተታት።

ሳሎን የለም። ግቢው ነው። እልልታው፣ ሚዜዎቹ፣ መኪናዋ። ትንሽ ቆይቶ ያ ቀይ ሹራብ ሮጦ መጣና ወደቀ። ተነሳ፣ ሱሪውን አራገፈ።

«ወደ መሃል መልሰው» አልኩት። መለሰው። ምሳ መብላት የነበረበት ሰው አሁንም መኪና ያጅባል። ከእጁ ነጥቄ ራሴ ጎተትኩት። ወደፊት ብለው፣ ወደ ኋላ ብለው፣ ያው ግቢ፣ ያው እልልታ። ጠብቁት ካላችሁ ደግሞ ያ ልጅ ይመጣል፣ ይወድቃል። የመጀመሪያዋን ሃያ ምናምን ደቂቃ እየደጋገሙ፣ አንዱን ካንዱ እየቀጠሉ ሦስት ሰዓት ሞልተውበታል!

«ምንድን ነው ይሄ?»

መልሱን ቃል በቃል ልጻፈው፦ «ማዘር አታካብጂ። ማን እስከ መጨረሻው ያያል? ሁሉም ሰው መጀመሪያውን አይቶ ነው የሚዘጋው።»

ሁሉም ሰው! ይሄ ልጅ ከእኔ በፊት ለስንቱ እንዲህ አድርጎ ሰጥቷል? ስንቱ ነው ፍላሹን ተቀብሎ፣ አመስግኖ፣ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ «ተረፈልኝ» ብሎ የተኛው?

ስጮህ ባለቤቱ ከጓዳ ወጣ፣ የማኪያቶ ብርጭቆውን እንደያዘ። «ዴኩ ካሴቱን በልቶት ነው» አለ። እሺ፣ ዴክ ካሴት መብላቱ አዲስ ነገር አይደለም። የኛም ይበላ ነበር፤ አባቴ ሄዱን በጥጥና በአልኮል እየወለወለ ነበር የሚያኖረው። ቢነግሩኝ አልቅሼ እቀበለው ነበር። ግን ስሙት። መሃሉ ላይ ሲበላባቸው አውጥተው፣ ዴኩን ሳያጸዱ፣ «ከኋላ እንሞክር» ብለው እዚያው ዴክ ውስጥ መልሰው ከተቱት። መጨረሻውንም በላው። የተጨማደደውን ክር በመቀስ ቆርጠው ጣሉት። የተረፈውን በስኮች ለጠፉት። ካሴቱን ተቀብዬ በመስኮቷ ሳየው ጥቅልሉ ሲሶው የለም።

«የቆረጣችሁትን ስጡኝ።»

«ቆሻሻ ሄዷል።» ማኪያቶውን ፉት አለ። «ካሴቱም እኮ ያረጀ ነው።»

ያረጀ ባይሆን ምን ልሠራ አመጣሁት?

ብሬን መልሱ ስል «ሥራ ሠርተንበታል» ተባልኩ። ለ2,000 ብር ነው ይሄ ሁሉ። ሰው መሰብሰብ ሲጀምር ባለቤቱ ድምፁን አለስልሶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «በቃ ማዘር፣ ከመጀመሪያው ላይ አንድ ቆንጆ ፎቶ አውጥተን በነፃ ላሚኔት እናድርግልሽ።» የሰካው ልጅ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። አልደበቀም፣ አየሁት። ጉርድ ፎቶ ልትነሳ የመጣች አንዲት ሴት «እህቴ ተያቸው፣ ደም ግፊት ታመጪያለሽ» ብላ ክንዴን ይዛ አስወጣችኝ። እግዚአብሔር ይስጣት። እሷ ባትኖር ያ ላፕቶፕ ዛሬ መንገድ ላይ ነበር የሚያድረው።

ምክር ብዬ የምጨምረው ብዙ የለኝም። ካሴት ሲገለበጥ እየተጫወተ ነው የሚቀዳው፤ የሦስት ሰዓቱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። «አምስቱንም በአንድ ሰዓት» ካሏችሁ ውሸት ነው። ከቻላችሁ አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ካልቻላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት መሃሉንም መጨረሻውንም ራሳችሁ ጎትታችሁ እዩ። ደረሰኝም ተቀበሉ፣ ቫት ይጨመራል ቢሏችሁም፤ ደረሰኝ መስጠት በአዋጅ 813/2006 የታዘዘባቸው ግዴታ እንጂ ለእናንተ የሚውሉት ውለታ አይደለም። ከዚህ በፊት ያስገለበጣችሁም ዛሬ ማታ ፍላሻችሁን አውጥታችሁ እስከ መጨረሻው እዩት።

እኔ ሰኞ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። በእጄ ያለው ማስረጃ የባንኩ መልእክት ብቻ ነው። ገንዘቡ የገባው በሱቁ ስም ሳይሆን በአንድ ግለሰብ ስም ነው። ብሩን በምልክበት ጊዜም ልጁ «ምክንያት የሚለው ላይ ብድር በይው፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት» ስላለኝ መልእክቱ ላይ የተጻፈው ብድር ነው። እንግዲያው አበድሬያቸዋለሁ። ብድሬን ይመልሱልኝ።