በጠባብ መኪና ውስጥ አምፕሊፋየር፦ ከቴፑ ጀርባ ወይስ ከወንበር ሥር?

ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ዲዛየር የሚያሽከረክር ሰው የመኪናውን ድምፅ ለማሻሻል ሲነሣ መጀመሪያ የሚቀርብለት ሐሳብ ከኋላ የሚጫን ትልቅ ዉፈር (ወፍራሙን የባስ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) እና ከጎኑ የሚታሰር ሰፊ አምፕሊፋየር (የድምፅ ኃይል ማጉያ) ነው። ይህ አማራጭ የዕቃ መጫኛውን ግማሽ ስለሚወስድ የልጆች ጋሪ፣ አስቤዛና የመንገድ ሻንጣ ለሚጭን ባለመኪና አይመችም። እዚህ የሚነጻጸሩት ቦታ የማይሻሙ ሦስት ዓይነት መሣሪያዎች ናቸው፦ ከቴፑ ጀርባ የሚገባው ትንሽ ባለ4 ቻናል (አራት ስፒከሮችን ለየብቻ የሚያንቀሳቅስ) አምፕሊፋየር፣ ከወንበር ሥር የሚቀመጠውና ጉልበቱ ከፍ የሚለው ባለ4 ቻናል፣ እንዲሁም አምፕሊፋየሩን በሆዱ የያዘው ጠፍጣፋ ዉፈር።

አምፕሊፋየር እንዲህ ሊያንስ የቻለው በዲ ክላስ አሠራር ምክንያት ነው። የቀድሞው ኤቢ ክላስ ከባትሪው ከሚወስደው ኃይል ግማሽ የሚጠጋውን ወደ ሙቀት ስለሚቀይር፣ ሙቀቱን የሚያስወጣ ሰፊ የብረት ገላ ያስፈልገዋል። ዲ ክላስ ግን በሙሉ ጉልበቱ ሲሠራ ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነውን ለስፒከሩ ያደርሳል። ስለዚህ ጠባብ ቦታ ያለው ገዥ በዋጋ ርካሽነት ተስቦ ወደ ኤቢ ክላስ መመለስ የለበትም።

ከመምረጥ በፊት የዋትን ነገር ማጥራት ይገባል። ፊቱ ላይ «50 ዋት × 4» ተብሎ የተጻፈበት የመኪና ቴፕ ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው፣ ማለትም በአርኤምኤስ ሲለካ፣ በአንድ ቻናል ከ14 እስከ 22 ዋት ገደማ ነው። ከ14 ዋት ወደ 45 ዋት መሸጋገር የድምፁን ከፍታ በ5 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ይህም በግልጽ የሚሰማ ለውጥ ነው። ከ45 ወደ 75 ዋት መሸጋገር ግን የሚጨምረው 2 ዴሲቤል ብቻ ነው። በእኔ ግምት አብዛኛው የትንሽ መኪና ባለቤት ሊከፍልበት የሚገባው የመጀመሪያው እርምጃ ነው፤ ለሁለተኛው የሚወጣው ገንዘብ በተሻሉ የፊት በር ስፒከሮች ላይ ቢውል የበለጠ ይሰማል።

ከቴፑ ጀርባ ከሚገቡት መካከል የአልፓይን ኬቲፒ-445ዩ እና የፓዮነር ጂኤም-ዲ1004 በጣም ይቀራረባሉ። ሁለቱም በ4 ኦም (ኦም የስፒከሩ የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) ለእያንዳንዱ ቻናል 45 ዋት አርኤምኤስ ይሰጣሉ። የአልፓይኑ ርዝመት 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ወርዱ 6.5፣ ውፍረቱ 4 የማይሞላ ነው፤ ፓዮነሩም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለቱም የድምፁን ምልክት ከስፒከር ገመድ መቀበል ስለሚችሉ የፋብሪካውን ቴፕ መቀየር ግዴታ አይሆንም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ገዥን የሚያስጨንቅ አይደለም፤ ኦርጂናሉና ገመዱ ያልጎደለው የትኛውም ቢገኝ ያንን መውሰድ ይሻላል።

ይሁንና ቦታው በእርግጥ መኖሩ በቅድሚያ መታየት አለበት። ቴፑ ተነቅሎ እጅ ወደ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው የሽቦ ጥቅል፣ ከዚያም የአየር ማስተላለፊያው ፕላስቲክ ነው። ሲዲ የሚያጫውት ረጅም ቴፕ ያለበት መኪና ለአምፕሊፋየሩ የሚተርፈው ክፍተት ጥቂት ነው፤ ሲዲ የሌላቸው አጫጭር ቴፖችና ቀጫጭን የአንድሮይድ ስክሪኖች ግን በቂ ቦታ ይተዋሉ። ሳይለኩ ገዝቶ በግድ ማጎር ሽቦ ያስቆርጣል። አምፕሊፋየሩ ሞቃት አየር ከሚያልፍበት ቱቦ ጋር ተጣብቆ እንዳይታሰር፣ በመንገዱ ጉድጓድ ሁሉ እንዳይንኳኳም በስፖንጅና በማሰሪያ እንዲጠብቅ ያስፈልጋል። ክፍተቱ ካልበቃ ከመሳቢያው ጀርባ ያለው ቦታ ጥሩ ምትክ ነው።

ሁለተኛውን ዓይነት የጄኤል ኦዲዮ ኤክስዲ400/4ቪ2 ይወክለዋል። በ4 ኦም 75 ዋት፣ በ2 ኦም ደግሞ 100 ዋት ለእያንዳንዱ ቻናል ይሰጣል፤ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከብዙ ወንበሮች ሥር ይገባል። ድምፅን ለስፒከሮቹ ከፋፍሎ የሚያደርስ ፊልተር ስላለው፣ የኋላዎቹን ሁለት ቻናሎች በአንድ አጣምሮ ትንሽ ዉፈር ለማንቀሳቀስም ይቻላል። የሚጠይቀው ግን ብዙ ነው። 300 ዋት ለማውጣት ከባትሪው 27 አምፔር ገደማ ስለሚስብ፣ ከሞተሩ ክፍል እስከ ወንበሩ ድረስ ቢያንስ 8 ካሬ ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የመዳብ ገመድ መዘርጋትና ከባትሪው በ45 ሴንቲ ሜትር ርቀት ውስጥ ፊውዝ ማስገባት ያስፈልጋል። ገበያ ላይ ከሚገኙት ገመዶች ብዙዎቹ መዳብ የተቀቡ አልሙኒየም ናቸው፤ አንዱን ክር በምላጭ ፋቅ ሲያደርጉት ከቀዩ ሽፋን ሥር ነጭ ከወጣ፣ ያ ገመድ በተጻፈበት ውፍረት ልክ ኃይል አያሳልፍም።

ከወንበር ሥር የሚያሠጋው ሌላው ነገር ውኃ ነው። በክረምት ጭቃ የያዘ ጫማ ምንጣፉን ያርሳል፤ የኤሲው ማፍሰሻ ሲደፈንም ውኃው ወደ ተሳፋሪው እግር ሥር ይወርዳል። ስለዚህ መሣሪያው ወለሉን ሳይነካ በትንሽ ጣውላ ወይም በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ ከፍ ብሎ ቢታሰር ይመረጣል። አፍንጫ በሌለው የተለመደው የሃይስ ሚኒባስ ደግሞ ሞተሩ ያለው ከፊት ወንበሮች ሥር ስለሆነ፣ የዚህ ዓይነቱን አምፕሊፋየር እዚያ ማስቀመጥ ፈጽሞ አይመከርም፤ ለሃይስ ዳሽቦርድ ውስጥ የሚገባው ይሻላል።

ሦስተኛው ዓይነት ለሌላ ችግር የተሠራ ነው። የበር ስፒከሮቹ በቂ ሆነው ሳለ የባሱ ድምፅ የሳሳበት ሰው አምፕሊፋየር ብቻውን ቢገዛ አይረካም። የኬንዉድ ኬኤስሲ-ኤስደብሊው11 ርዝመቱ 28፣ ወርዱ 19፣ ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ሲሆን 75 ዋት አርኤምኤስ አለው፤ የፓዮነር ቲኤስ-ደብሊውኤክስ130ዲኤ በመጠን የሚቀራረበው ሆኖ 50 ዋት አርኤምኤስ ነው። ሁለቱም ደረት የሚያንቀጠቅጥ ባስ አይሰጡም፤ ሣጥናቸው ትንሽ ስለሆነ በጣም ዝቅ ያለውን ድምፅ ሊያወጡ አይችሉም። የክራርን ወይም የቤዝ ጊታርን ወፍራም ድምፅ ሞልቶ ለመስማት ግን ይበቃሉ። እኔ ኬንዉዱን አስቀድማለሁ፤ ሆኖም በወንበሩ ሥር ያለው ክፍተት ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲንሸራተት ጭምር መለካት አለበት፤ ሰባት ሴንቲ ሜትር በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም የወንበሩ ብረት የሚነካበት መኪና አለ።

ከእነዚህ ውጭ «3000 ዋት» ተብሎ የተጻፈባቸውና ከመዳፍ የማይበልጡ መሣሪያዎች በብዛት ይሸጣሉ። ሻጩን መከራከር አያስፈልግም፤ በጎኑ የተሰካውን ፊውዝ ማየት በቂ ነው። በፊውዙ ላይ 20 የሚል ቁጥር ካለ መሣሪያው ሳያቋርጥ ሊስብ የሚችለው በ14 ቮልት 280 ዋት ነው፤ ከዚያ ውስጥ በዲ ክላስ ለስፒከሮቹ የሚደርሰው በአራቱ ቻናል ተደምሮ 225 ዋት ገደማ ነው። ኤቢ ክላስ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

የነዳጅ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለበት ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የገዙ ሰዎችም ይህን ጥያቄ ያነሣሉ። በእነዚህ መኪናዎች ዲናሞ የለም፤ የ12 ቮልቱን ባትሪ የሚሞላው የዋናውን ባትሪ ከፍተኛ ቮልቴጅ ዝቅ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። ስክሪኑም ከመኪናው መቆጣጠሪያ ጋር ስለሚያያዝ መቀየሩ አያዋጣም፤ በመሆኑም ከስፒከር ገመድ ምልክት የሚቀበለውና ጥቂት አምፔር የሚስበው የመጀመሪያው ዓይነት የበለጠ ይስማማቸዋል። መሣሪያውን የሚገጥመው ባለሙያ ኃይሉን ከ12 ቮልቱ ባትሪ ብቻ ይውሰድ፤ ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ገመዶች ከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚያስተላልፉ እጁን አያስገባባቸው። ሥራው ከመጀመሩ በፊትም ባለቤቱ ሽቦ መነካቱ ዋስትናውን ይሽር እንደሆነ የመኪናውን ሻጭ በጽሑፍ ቢጠይቅ ይበጀዋል።