ቴአትር መቼ ይከፈት? የአዳራሽ አየር መለኪያ ሲገመገም

ከቱሉ ዲምቱ፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ ተነሥቶ ብሔራዊ ቴአትር ወይም ሀገር ፍቅር ደርሶ መመለስ ሁለትና ሦስት ታክሲ መቀያየርን ይጠይቃል፤ ማታ ደግሞ የመመለሻው ሰልፍ አለ። በከተማው ዳር ያሉት ትንንሽ አዳራሾች፣ የወጣት ማዕከሉም ሆነ የወረዳው መሰብሰቢያ፣ ለሰፈሩ ሰው ቅርብ የሚሉት መድረክ እነሱ ናቸው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ፤ መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ መድረኩም ዝም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ወረርሽኙ ዓለም አቀፍ የጤና ስጋት መሆኑ ማብቃቱን ያሳወቀው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ የተዘጋው አዳራሽ መቼ ይከፈት ለሚለው ጥያቄ መልሱ ከአዋጅ አይጠበቅም። አዳራሹ ራሱ ተለክቶ ነው የሚታወቀው። ለዚህ የሚያገለግለው ዕቃ ደግሞ መዳፍ የምታህል የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ናት።

ሥራዋ ቀላል ነው። ሰው ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ በአዳራሹ ውስጥ ይህ ጋዝ ሲበዛ፣ ተመልካቹ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ደግሞ ደጋግሞ እየሳበ ነው ማለት ነው። መለኪያዋ ቫይረስ አታይም። የምታሳየው አየሩ መለወጥ አለመለወጡን ነው፤ ለመክፈት ወይም ላለመክፈት ለመወሰን ይህ ብዙ ነው።

ገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ ልዩነታቸውን ሳያውቁ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። እውነተኛዋ በኢንፍራሬድ ብርሃን የምትለካው ናት፤ ካርቶኗ ላይ "ኤንዲአይአር (NDIR)" የሚል ጽሑፍ ይፈልጉ። ሌላዋ ርካሽ የጋዝ መመርመሪያ ይዛ የካርቦኑን መጠን በግምት የምትሰጥ ናት፤ ብዙውን ጊዜ ፎርማልዴሃይድና ሌላም ሌላም በአንድ ስክሪን ላይ ትደረድራለች። ሱቁ ውስጥ ሳሉ መለየት ይቻላል፤ እጅዎ ላይ ሳኒታይዘር አፍስሰው አጠገቧ ያሹት። ግምተኛዋ ወዲያው ወደ ሰማይ ትወጣለች፤ እውነተኛዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ይህ ለእኛ አገር መድረክ ዋና ጉዳይ ነው፤ በር ላይ ሳኒታይዘር አለ፣ መድረክ ላይ ቡና ሲፈላ ዕጣን ይጨሳል። ግምተኛዋ ዕጣኑን ሰው ነው ብላ ታነባለች።

ከሰል ግን ሁለቱንም ያሳስታል። ትዕይንቱ ውስጥ የተቀጣጠለ ምድጃ ካለ፣ ከሰሉ ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚያወጣ ንባቡ ከተመልካቹ በላይ ይወጣል። ከዚህ የባሰው መለኪያዋ የማታየው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ምድጃው ውስጥ ቀይ አምፖልና አመድ ቢደረግ ከሦስተኛው ረድፍ ጀምሮ ማንም አይለየውም፤ እውነተኛ ፍም በተዘጋ አዳራሽ ውስጥ ፈጽሞ መግባት የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው እንከን። ዕቃዋ የተሠራችው ለባሕር ጠለል ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው የአየር ግፊት 77 ኪሎፓስካል አካባቢ ሲሆን የባሕር ጠለሉ 101 ነው። በሣጥኗ ውስጥ የሚያልፈው አየር ስለሚሳሳ ብርሃኑን የሚውጠው ጋዝም ያንሳል፤ ስለዚህ ያልተስተካከለች መለኪያ ከእውነተኛው በሩብ ገደማ አሳንሳ ታነባለች። ስክሪኑ 800 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን እጅ አየር 800ው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው ሲል፣ አዳራሹ ያለው 1,050 አካባቢ ነው። ብዙ ሰው ዕቃዋን ከካርቶን አውጥቶ ይሰቅልና "አየራችን ጥሩ ነው" ይላል፤ ስህተቱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

ማስተካከያው ሁለት ደረጃ አለው፤ ቅደም ተከተሉም አይገለበጥ። መጀመሪያ ቅንብሩ ውስጥ ገብተው ከፍታውን በሜትር ይሙሉ፤ ግፊት የሚጠይቅ ሞዴል ከሆነ በሄክቶፓስካል 770 ያስገቡ። ይህ ቅንብር የሌላትን ከፍታችን ላይ አይግዟት። ቀጥሎ በማለዳ፣ ከአስፋልትና ከጄኔሬተር ርቆ በሚገኝ ሜዳ ላይ 20 ደቂቃ አስቀምጠው በውጭ አየር እንድትስተካከል ያድርጉ፤ የውጭው መጠን 420 ፒፒኤም አካባቢ ነው። ትንፋሽዎ እንዳይደርሳት ጥቂት እርምጃ ይራቁ።

ብዙዎቹ በራሳቸው የሚስተካከሉበት ዘዴም አላቸው፤ በሳምንቱ ያዩትን ዝቅተኛ ቁጥር የውጭ አየር ነው ብለው ይወስዳሉ። አዳራሽ ተዘግቶ ሲያድር ዘዴው ይሠራል። ዕቃዋ እንዳትጠፋ ተብሎ ዘበኛው በሚያድርበት ክፍል ከተቀመጠች ግን ንጹሕ አየር ሳታይ ሳምንቱ ያልፋል፤ የታፈነውን አየር ንጹሕ ብላ ትመዘግባለች፤ ከዚያ በኋላ የምታሳየው ሁሉ ዝቅ ያለ ነው። ይህን ዘዴ ቢያጠፉት፣ ካልሆነም በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ደጅ ቢያወጧት ይሻላል።

የምትሰቀልበት ቦታ፦ የተቀመጠ ሰው አፍ ከሚደርስበት 1.2 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጎን ግድግዳ፣ ከመሀል ወደ ኋላ ባለው ረድፍ ትይዩ። በር ሥር ከሆነች ታሞግሳለች፤ ተመልካች አጠገብ ከሆነች ታጋንናለች። ንባቧ ከእውነታው ከ2 እስከ 5 ደቂቃ ስለሚዘገይ እያንዳንዱን ጭማሪ አይከተሉ። በአንዱ የልምምድ ቀን ከመጋረጃ ጀርባ፣ ተዋንያን የሚለብሱበት ክፍል ውስጥ ያስገቧት። መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል፣ ስምንት ሰው፣ አንድ ሰዓት። ብዙ ጊዜ የሕንፃው መጥፎ ቁጥር የሚገኘው እዚያ ነው፤ ማንም የማይለካውም እሱን ነው። ዋናዋ ተዋናይት በታመመች ሳምንት ትኬቱ ሁሉ ተሽጦ ምን ይፈይዳል?

ቁጥሮቹ ምን ይላሉ? እስከ 800 ድረስ ሥራዎን ይቀጥሉ። ከ800 እስከ 1,200 በሩን መክፈትና ማራገቢያ ማስነሳት የሚያስፈልግበት ነው። 1,500 ከደረሰ ገቢሩ እንዳለቀ ዕረፍት ይታወጅ፤ ሰው ይውጣ።

በከተማው ዳር የተለመደ አዳራሽ እንውሰድ፤ 15 በ12 ሜትር፣ ቁመቱ 5፤ 900 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ለመብራቱ ሲባል መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ተሸፍኗል፣ በሩም ዝግ ነው። 150 ተመልካች ተቀምጦ አየር ካልገባ፣ በዚህ ከፍታ ንባቡ በየደቂቃው ወደ 66 ፒፒኤም ይጨምራል። ከ420 ተነሥቶ 1,500 ለመድረስ 16 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ታሪኩ ገና አልተጀመረም። ተመልካቹ ግማሽ ቢሆን ወደ 33 ደቂቃ ይረዝማል። ሩብ ቢሆን፣ ማለትም 38 ሰው ቢገባ፣ አንድ ሰዓት ከምናምን። ወንበር መቀነስ ጊዜ ይገዛል እንጂ የታፈነ አዳራሽ አያድንም፤ የ90 ደቂቃ ቴአትር ሩብ ተመልካች ይዞም መስመሩን ያልፋል። ሁለት የአዋቂ እርምጃ መራራቁ ለመጀመሪያው ረድፍ ግን አሁንም ይጠቅማል፤ ተዋናይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ምራቁ ወደ ፊት ይሄዳል። ያንን ረድፍ ባዶ ይተዉት።

እነዚያን 150 ሰዎች ከ1,200 በታች ለመያዝ በሰዓት 4,600 ሜትር ኩብ ገደማ አየር መለወጥ አለበት። ጣሪያ ላይ የሚሽከረከረው ማራገቢያ ይህን አይሠራም፤ ያንኑ አየር ያማስላል። መለኪያዋ ይህን በአምስት ደቂቃ ታረጋግጣለች፤ ይሽከረከራል፣ ቁጥሩ ግን አይወርድም። የሚያስፈልገው ግድግዳ ላይ የሚገጠም፣ አየር ወደ ውጭ የሚያወጣ ማራገቢያ ነው፤ በሰዓት ከ2,500 ሜትር ኩብ የማያንሱ ሁለት። በትይዩው ግድግዳ አየር የሚገባበት ክፍት ቦታ ከሌለ ማራገቢያው ያጓራል እንጂ ምንም አያወጣም። መስኮቱን ከፍቶ ጨለማውን ለማቆየት ከመስኮቱ ፊት ሁለት ጥቁር የተቀቡ የጣውላ ሰሌዳዎችን በ30 ሳንቲሜትር ርቀት ማቆም ይበቃል፤ የአንዱ ክፍተት ከላይ፣ የሌላው ከታች ይሁን። አየሩ ይዞራል፤ ብርሃኑ መዞር አይችልም።

ጫጫታው ግን እውነተኛ ችግር ነው። ትንሽና ፈጣን ማራገቢያ የተዋናዩን ሹክሹክታ ይውጠዋል። ሰፊ ምላጭ ያለው ቀርፋፋው ይሻላል፤ እሱ ካልተገኘ በትዕይንት መቀያየሪያና በዕረፍት ጊዜ ብቻ ማስነሳት ነው። በክረምት ደግሞ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማንም ምንም አይሰማም፤ ሰው ብርዱን ፈርቶ በሩን ይዘጋል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ለሚደረግ ትርኢት ዕረፍቱን ሁለት ጊዜ ማድረግ፣ ጋቢ ይዘው እንዲመጡም በማስታወቂያው ላይ መጻፍ ይሻላል።

አዳራሹ በራሱ ምን ያህል እንደሚተነፍስ ለማወቅ ተመልካች አያስፈልግም። 30 ሰው ልምምድ ያድርግ፤ ንባቡ 1,020 ሲደርስ ሁሉም ይውጣ፤ ሰዓቱን ይጻፉ። ወደ 640 ሲወርድ ደግሞ እንደገና ይጻፉ። በመሀል ያለው ጊዜ አንድ ሙሉ የአየር ልውውጥ የሚፈጀው ነው። አንድ ሰዓት ከፈጀ አዳራሽዎ በሰዓት 900 ሜትር ኩብ ብቻ ይለውጣል፤ ይህ ደግሞ ከላይ ከተባለው አንድ አምስተኛ ነው። ሁለት ማራገቢያ ገጥመው፣ ሰው ሲወጣ ብቻ አስነሥተው ይድገሙት። በሰዓት 4,600 ከደረሰ፣ ከ1,200 ወደ 600 ለመውረድ 17 ደቂቃ ገደማ ይበቃል፤ ስለዚህ በ8 ሰዓቱና በ10 ሰዓት ተኩሉ ትርኢት መካከል ግማሽ ሰዓት ካለ ሁለተኛው ተመልካች ንጹሕ አዳራሽ ውስጥ ይገባል።

የዕቃዋን ሌሎች ጉድለቶች በአጭሩ፦ ጩኸቷን አስቀድመው ያጥፉ፤ በጸጥታው ትዕይንት ላይ መጮኋ አይቀርም። ቀይና አረንጓዴ መብራቷን በጥቁር ፕላስተር ይሸፍኑት። በኤሌክትሪክ ብቻ የምትሠራው መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቷ ስለሚዛባ የኋላውን መዝገብ ማመን አይቻልም፤ በባትሪ የምትሠራና ንባቧን የምታስቀምጥ ትሻላለች። አየር ማጣሪያ ከገዙም አንድ ነገር ይወቁ፤ ማጣሪያው በአየር ላይ የሚንሳፈፈውን ጠብታ ይይዛል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ግን አይነካም። ቁጥሩ ስላልወረደ ማጣሪያው አይሠራም ብሎ መጣል ስህተት ነው።

መለኪያዋ የማትነግርዎት ደግሞ አለ። ለዓመታት የተዘጋ አዳራሽ ውስጥ አይጥ ገመድ ይቆርጣል፤ መጋረጃው ይሻግታል፤ የመድረኩ ሳንቃ ይጣመማል። የመድረክ መብራቶቹን ከማብራትዎ በፊት አቧራቸውን ይጥረጉ፤ ፓር በሚባለው ባለ 1,000 ዋት የመድረክ መብራት ላይ የተከመረ አቧራ በመጀመሪያው ምሽት ይጨሳል፣ ተመልካቹም እሳት ነው ብሎ ወደ በር ይሮጣል።

በኒው ዮርክ ብሮድዌይ መጋቢት 3 ቀን 2012 ዓ.ም. ተዘግቶ ትልልቆቹ የሙዚቃ ድራማዎች የተመለሱት መስከረም 4 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ ክትባትና ማስክ ግዴታ ሆኖ። እኛ የምንመክረው ቀላል ነው። ሦስት ሙሉ ልምምድ፣ በመጨረሻው ላይ ከሰፈር የተጋበዘ የአዳራሹን ግማሽ የሚሞላ ሰው ጋር፤ በሩና ማራገቢያው ለእውነተኛው ትርኢት እንደሚሆኑት ሆነው። በመጨረሻው ልምምድ ንባቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ከ800 ካላለፈ ትኬት ይታተም። ካለፈ ቀኑ ይገፋ፤ ገንዘቡ ወደ ማራገቢያ ይሂድ። ግማሽ ሰው ይዞ 800 ያለፈ አዳራሽ ሲሞላ 1,200ን ያልፋል።

በሜዳ ላይ፣ በድንኳን ያልተሸፈነ ትርኢት ለሚያቀርቡ ዕቃዋ አታስፈልግም፤ አይግዙ። ለአዳራሽ ደግሞ ለእያንዳንዱ አንድ መግዛት የለበትም። ጎረቤት የሆኑ ሦስት አዳራሾች አንድ ገዝተው በሳምንት በሳምንት ሊቀባበሏት ይችላሉ። ከቃሊቲ ወደ ሱሉልታ ስትወጣ ግን ከፍታው ይጨምራልና፣ የተቀበለው ሰው ከመስቀሉ በፊት አዲሱን ከፍታ ሞልቶ 20 ደቂቃ ሜዳ ላይ ያስቀምጣት።