ስክሪንና አምፕሊፋየር «ከነመግጠሚያው» ሲሏችሁ፣ ጀርባውን ሳታዩ አትክፈሉ

የመኪና አንድሮይድ ስክሪን፣ አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) እና ዉፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) በአንድ ዋጋ፣ ከነመግጠሚያው የሚሸጡ ሰዎች በዝተዋል። ዋጋው ያጓጓል። የአክስቴ ልጅ ቪትዙ ላይ ይህንኑ አስገጠመ። መኪናው ሲነሳ ከስፒከሮቹ ፉጨት ይሰማል። ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ፉጨቱም ይጨምራል። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ እየሰራ ድምፁ ጭራሽ ጠፋ። ሻጩ ጋ ሲመለስ «ስፒከሮችህ አርጅተው ነው» አሉት። ሌላ ኤሌክትሪሺያን ስክሪኑን ነቅሎ ሲያየው ጉዱ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደህና ስክሪን ከጀርባው ሁለት ዓይነት የድምፅ መውጫ አለው። አንደኛው ቀጥታ ወደ አራቱ ስፒከሮች የሚሄዱት ስምንት ገመዶች ናቸው። በእነዚህ የሚወጣው ድምፅ ውስጥ ባለው ቺፕ የጎላ ነው። ሁለተኛው አርሲኤ የሚባለው፣ ከዲቪዲ ወደ ቲቪ የምንሰካው ዓይነት ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ነው። እሱ ገና ያልጎላ፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቮልት የሆነ ሲግናል ይዞ ይወጣል። ለአምፕሊፋየር የተሰራው ይሄኛው ነው።

ለአክስቴ ልጅ የተሸጠው ስክሪን አርሲኤ አልነበረውም። ገጣሚው የስፒከሮቹን ገመድ ቆርጦ፣ ከአርሲኤ ጫፍ ጋር ጠምዝዞ፣ በፕላስተር ጠቅልሎ ክሩስኮቱ ውስጥ ቀብሮታል። ይሄ ስክሪኑን ይገድለዋል። ምክንያቱም የስፒከሩ ኔጌቲቭ ገመድ ከመኪናው ቦዲ ጋር መገናኘት የለበትም፤ በሁለቱም ገመዶች ላይ ድምፅ አለ። የአርሲኤው የውጭ ቀለበት ግን በአምፕሊፋየሩ በኩል ከቦዲ ጋር ይገናኛል። ያኔ ቺፑ ሾርት ያደርጋል፣ ይቃጠላል። ስክሪናችሁ አርሲኤ ከሌለው መፍትሔ አለ። የስፒከር ገመድ በቀጥታ የሚቀበል መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር ግዙ፣ ወይም በስክሪኑና በአምፕሊፋየሩ መሃል የሚገባ፣ የስፒከሩን ድምፅ ወደ አርሲኤ የሚቀይር መቀየሪያ አስገጥሙ። ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል ግን ሥራ አይባልም።

ፉጨቱ ደግሞ ባትሪውን ከሚሞላው ዲናሞ የሚመጣ ነው። የአምፕሊፋየሩ ኔጌቲቭ የታሰረው ቀለም በተቀባ ብሎን ላይ ነበር። ቀለሙ ተፍቆ ንጹሕ ብረት ላይ፣ በአጭር ገመድ መታሰር አለበት። የአርሲኤው ገመድና ከባትሪ የሚመጣው ወፍራም ገመድም በአንድ ጎን አብረው መሄድ የለባቸውም።

አምፕሊፋየሩ ላይ «3000 ዋት» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ጎኑ ላይ ያለው ፊውዝ (ከልክ ያለፈ ኃይል ሲመጣ ተቃጥሎ መስመሩን የሚቆርጠው) ግን ባለ 30 አምፔር ነው፤ ያውም አንድ ብቻ። 30 አምፔር በ14 ቮልት ሲባዛ 420 ዋት ነው። ከዚያም ላይ የተወሰነው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። 3000ው ከየት ይመጣል? እባካችሁ ጽሑፉን ትታችሁ ፊውዙን እዩ።

ከሁሉ ያስደነገጠኝ ግን ከባትሪው የወጣው ገመድ ፊውዝ የሌለው መሆኑ ነው። ገመዱ የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ቢነካ መኪናው በእሳት ይያያዛል። ፊውዙ ባትሪው አጠገብ፣ ቢበዛ ግማሽ ሜትር ሳይሞላ መግባት አለበት። የገመዱንም ጫፍ አስቆርጣችሁ እዩት። ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ በዚያው ውፍረት የመዳብን ያህል ኃይል አይሸከምም።

ሶማሌ ተራም ግዙ መርካቶ፣ ክሩስኮቱ ከመዘጋቱ በፊት ቆማችሁ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ደረሰኝ ተቀበሉ፤ የስክሪኑና የአምፕሊፋየሩ ሞዴል ይጻፍበት። በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው፣ የገዛበትን ማስረጃ ይዞ በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። የአክስቴ ልጅ ደረሰኝ አልተሰጠውም። ያለ ደረሰኝ የሚሸጥላችሁ ካለ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ።