ጎልዲንግስ ወይስ ፋግል? ሆፕስ ከመግዛታችሁ በፊት

እዚህ ለንደን ቤታቸው ቢራ መጥመቅ የጀመሩ ጓደኞቼ ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ “የትኛውን የእንግሊዝ ሆፕስ ልግዛ?” ለጠላ ጌሾ እንደሆነው ለቢራም ሆፕስ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴ አይቀየርም፤ ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ፣ ባጭሩ ጎልዲንግስ።

ሌላውን የእንግሊዝ ሆፕስ ፋግልን አልጠላውም። እንጨት እንጨት፣ እርጥብ አፈር አፈር ይላል። ፖርተር ለሚባለው ጥቁር ቢራ እሱን ነው የምጨምረው። ቢተር የሚባለው ቀላ ያለ ቢራ ላይ ግን ጎልዲንግስ የሚሰጠውን የማርና የአበባ ሽታ አታገኙበትም።

ወደ ዋጋው እንምጣ። እኔ የምገዛበት ሱቅ 100 ግራም ጎልዲንግስ 6 ፓውንድ ነው፤ ፋግል 5 ተኩል። ለ50 ፔንስ ብላችሁ ጣዕሙን አትጡ። ገንዘብ የሚባክነው ሌላ ቦታ ነው። ብዙ ሰው ጎልዲንግሱን ከመጀመሪያው ጨምሮ አንድ ሰዓት ያፈላዋል። ሽታው በእንፋሎት ይሄድና ምሬቱ ብቻ ይቀራል። ለምሬትማ ታርጌት የሚባል ሌላ ሆፕስ አለ! ምሬቱን የሚሰጠው አልፋ አሲድ የሚባለው ነው፤ የጎልዲንግስ 5 በመቶ አካባቢ ሲሆን የታርጌት 11 ይደርሳል። ለ23 ሊትር 50 ግራም ጎልዲንግስ ብትጨምሩ 3 ፓውንድ ወጣ። ያንኑ ምሬት 23 ግራም ታርጌት ይሰጣችኋል፤ 100 ግራሙ 5 ፓውንድ ስለሆነ 1 ፓውንድ ከ15 ብቻ። ጎልዲንግሱን ለመጨረሻዎቹ 10 ደቂቃዎች አቆዩት።

አሁን የከሰርኩበትን ልንገራችሁ። “ስታይሪያን ጎልዲንግስ” የሚል ረከስ ብሎ አገኘሁና ግማሽ ኪሎ ገዛሁ። ስሙን አይቼ አልጠረጠርኩም። ቢራው ደርሶ ስቀምሰው ግን ፋግል ፋግል አለኝ። ለካ ስታይሪያን ጎልዲንግስ ስሎቬኒያ ሄዶ የተተከለ ፋግል ነው! ግማሽ ኪሎ ሙሉ የማልፈልገውን ይዤ ቀረሁ። ስለዚህ ፓኬቱ ላይ “ኢስት ኬንት” የሚለውን ሳታዩ አትክፈሉ። ይህ ስም ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው።

የተለቀመበትን ዓመትም እዩ። እንግሊዝ ውስጥ ሆፕስ የሚለቀመው መስከረም ላይ ነው። ዓመቱ ያልተጻፈበትን በግማሽ ዋጋ ቢሰጧችሁም ተዉት። አንዴ እንዲህ ያለውን ገዝቼ ስከፍተው የቆየ አይብ ሸተተኝ፤ ሻጩም አልመልስም አለኝ።

ከፍታችሁ የተረፋችሁን አየሩን ጨምቃችሁ አውጡና አሽጋችሁ ፍሪዘር ውስጥ ክተቱት።