ማይፓይ ከዘጠኝ ወር በኋላ፦ «ችግር አልተገኘም» ሲለኝ አምኜው ነበር

ኅዳር ውስጥ አንድ ምሽት፣ ጅማ ፈረንጅ አራዳ ቤቴ ራት ልቀርብ ስል ስልኬ ጮኸ። ወደ አጋሮ በሚወስደው መንገድ ካለ የእሸት ቡና መፈልፈያ ነው። «አንተ ልጅ፣ ፕሮግራምህ ሚዛን ላይ ቆሞብናል፤ ሰዉ እሸቱን ይዞ ተሰልፏል» አሉኝ ኃላፊው። እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ መፍላት ይጀምራል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ስለዚህ ነገ አየዋለሁ ብሎ ነገር የለም። «በወረቀት መዝግቡልኝ ጋሼ» ብዬ ለመንኳቸው።

አንዲት እናት ገና ያልተመዘገበ አዲስ መለያ ቁጥር ይዘው መጥተዋል። በቁጥር አርሶ አደር የሚፈልገው ፈንክሽን (አንድ ሥራ የሚሠራ የኮድ ክፍል) ሰው ሲያጣ ኖን ይመልሳል፣ «ምንም የለም» ማለት ነው። ሚዛን መዝጋቢው ፈንክሽን ደግሞ የተመለሰለትን ሳያጣራ ስም ይጠይቀዋል። ኖን ስም ከየት ያመጣል? ቆመ።

ማይፓይን የጫንኩት ለዚሁ ነበር፤ ንዴቴም ከዚያ ነው። ነሐሴ ላይ 300 መስመር የሚያህለውን አንድ ፈንክሽን ሪፋክተር ሳደርግ (ሥራውን ሳልለውጥ አደረጃጀቱን ሳስተካክል)፣ ሚዛኑን ለብቻ፣ ሂሳቡን ለብቻ፣ ደረሰኙን ለብቻ ስለያይ እንዲጠብቀኝ። ማይፓይ በፓይተን ቋንቋ የተጻፈ ኮድ ሳያስኬድ አንብቦ የት ቁጥር ሲጠበቅ ጽሑፍ እንደሚገባ፣ የት ኖን ሊመጣ እንደሚችል የሚናገር መሣሪያ ነው። ሦስት ወር ሙሉ «በ14 ፋይሎች ችግር አልተገኘም» አለኝ። ቴስቶቼን (ፕሮግራሙን የምፈትንባቸውን ኮዶች) የሚያስኬደው ፓይቴስትም አረንጓዴ ነበር፣ ሁሉም አልፏል ማለት ነው። እሱን አልወቅሰውም፤ ያልተመዘገበ ሰው ቴስቶቼ ውስጥ ያላስገባሁት እኔ ነኝ።

ነገሩ የገባኝ በማግስቱ ነው። ፈላጊው ፈንክሽን ላይ የሚመልሰውን ዓይነት ጽፌበታለሁ፣ «አርሶ አደር ወይም ኖን» ይላል። መዝጋቢው ግን የድሮ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም። ማይፓይ ደግሞ ካላዘዙት በቀር ዓይነት ያልተጻፈበትን ፈንክሽን ውስጡን አይመረምርም። አልፎት ይሄዳል፤ አልፎትም «ችግር አልተገኘም» ይላል።

የሚያሞግሱት ሰዎች ምን እንደሚሉኝ አውቃለሁ። «ሰነዱ ላይ ተጽፏል» ይሉኛል። አዎ፣ ተጽፏል። «ፔፕ 484፣ የፓይተን የዓይነት አጻጻፍ ሰነድ፣ ራሱ ይፈቅዳል፤ አሮጌ ኮድ ያለው ሰው ቀስ በቀስ እንዲገባበት ታስቦ ነው።» ይህም እውነት ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ከፓይተን 3.5 ጋር የመጣውን ይህን ቀስ በቀስ የመጻፍ ሐሳብ እኔም እወደዋለሁ። ግን «አላገኘሁም» እና «አላየሁም» አንድ ናቸው እንዴ? ናሙና የሚወስድ ሰው ግማሹን ጆንያ ሳይከፍት ሁሉም ንጹህ ነው ብሎ ቢፈርም ማን ይቀበለዋል? ከታች «ይህን ያህል ፈንክሽን ሳላይ አልፌአለሁ» የምትል አንዲት መስመር ብትኖር፣ ያ ሁሉ ሰው በጨለማ ባልቆመ ነበር።

የቅንብር ፋይሉ ላይ «ቼክ አንታይፕድ ዴፍስ» የሚባለውን፣ ዓይነት ያልተጻፈባቸውንም ፈንክሽኖች መርምር የሚለውን፣ አበራሁና እንደገና አስኬድኩት። 23 ስህተት ዘረገፈ። ሦስተኛው ያቺው መስመር ናት፣ ከነቁጥሯ፦ ይህ ነገር ኖን ሊሆን ይችላል፣ ኖን ደግሞ ስም የለውም። ለካ ሁልጊዜም ሊነግረኝ ይችል ነበር! ከ23ቱ አራቱ የዚያው በሽታ ነበሩ፤ አንዱ ደረሰኝ ማተሚያው ውስጥ ተቀምጦ ቀኑን ይጠብቅ ነበር።

ስለዚህ አልጣልኩትም፣ የምጥለውም አይመስለኝም። ከዚያ ወዲህ ሁለት ትልልቅ ፈንክሽኖች በታትኜአለሁ፤ የሰበርኩትን ሁሉ ገና ጣቢያው ሳይደርስ ጠረጴዛዬ ላይ ነገረኝ። ጅማ ውስጥ በፓይተን የምትሠሩ ልጆች ስትጭኑት ግን ያቺን ቅንብር በመጀመሪያው ቀን አብሩ። ስህተቱ ቢበዛባችሁም አብሩ።

እኚያ እናት ያመጡት እሸት በወረቀት ተጽፎ ስለነበር በማግስቱ አስመዝግቤ አስገባሁላቸው። አሁን ከቴስቶቼ የመጀመሪያው የሳቸው ነው፦ ያልታወቀ ቁጥር፣ 42 ኪሎ።